እቴቴ የሰጠችው ምስክርነት

ከዩኒቨርሲቲው ትልቅ በር ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በጫማ መሸጫው መሃል የተጣበቀች አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ነበረች። ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ጥቂት ወንበሮችና ጥጉ ላይ አፉ የተሰነጠቀ መታጠቢያ ገንዳ፤ ያ ነው ንብረቱ። ባለቤቷን ተማሪዎቹ ሁሉ እቴቴ ነው የሚሏት። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ልጅም አልወለደችም። አዳዲስ ተማሪዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲገቡ ስታይ፣ "እኔ ምን ልጅ ያስፈልገኛል? መንግሥት በየዓመቱ በአውቶቡስ ጭኖ ያመጣልኝ የለ!" ትላለች። ሹሩባ ስትሠራ ዓይኗ በሩ ላይ፣ አፏ ወሬው ላይ፣ ጣቷ ፀጉሩ ላይ ነው፤ አንዱም አይስትም።

ከሁሉም የምትቀርባት ፋርማሲ የምታጠና ልጅ ነበረች። አንደኛ ዓመት ሳለች ፀጉሯን ራሷ በመቀስ ከርክማ፣ አይጥ የቀመሰው መስላ መጣች። እቴቴ ስቃባት ስታበቃ አስተካከለችላት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆድና ልብ ሆኑ። አባቷ ሩቅ ከተማ ጫማ ሰፊ ነው። እናቷ የሞተችው በልጅነቷ ነው። ዕረፍት ሲሆን ጓደኞቿ ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ እሷ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ከእቴቴ ጋር ትከርማለች። ሰፈሩም "ፋርማሲስቷ" አላት።

ጭምት ልጅ ናት። ንዴት ሲይዛት ግን ፊቷ አመድ ይመስላል፤ ያኔ አያድርስ ነው። እቴቴም፣ "አንቺ ልጅ፣ ንዴትሽን መዋጥ ካልተማርሽ አንድ ቀን ለበሽተኛው በመድኃኒት ፈንታ መርዝ ትሰጪዋለሽ" እያለች ትቀልድባት ነበር።

ሊመረቁ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ነው ነገሩ የሆነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አንዲት የክፍሏ ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እቴቴ ሹሩባዋን እየጨረሰችላት ነበር። የሹሩባው ጫፍ እንዳይፈታ የሚነከርበት ውሃ በማንቆርቆሪያ ፈልቶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ፋርማሲስቷ እንደ ልማዷ ፎጣ ታጥፋለች። የፈተና ውጤት የተለጠፈ ሰሞን ስለነበር ወሬው ሁሉ ስለ ውጤት ነው።

ወንበር ላይ ያለችው ልጅ በመስታወቱ ውስጥ አየቻትና፣ "አንቺማ ምን ቸገረሽ" አለቻት። "ሌላው ቤተ መጻሕፍት ሲያድር አንቺ አስተማሪው ቢሮ ገብተሽ በርሽን ዘግተሽ ነው ያጠናሽው።"

እቴቴ ቀና ስትል የፋርማሲስቷ ፊት አመድ መስሏል። "ተይ!" ከማለቷ በፊት ፋርማሲስቷ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ወደ ተሳዳቢዋ ሰነዘረችው። እቴቴ ሳታስብ እጇን ዘረጋች። የፈላው ውሃ በቀኝ እጇ ላይ፣ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ ድረስ ተገለበጠ። ማንቆርቆሪያው የተሰነዘረባትን ልጅ አንዲት ጠብታ አልነካቻትም።

እቴቴ ሆስፒታል ሳለች ሹፌር የሆነው ታናሽ ወንድሟ እየፎከረ መጣ። "ፖሊስማ ቀጠሮ ሲሰጥ ነው የሚኖረው፤ ልኳን የሚያሳያት ዩኒቨርሲቲው ነው" አለና ለዩኒቨርሲቲው የክስ ማመልከቻ አስገባ። እቴቴ በማደንዘዣ ተኝታ ስለነበር አልሰማችም። ወጥታ ስትሰማ በደህና እጇ ራሷን መታች።

"ማን አድርግ አለህ?"

"ለአንቺ ብዬ ነዋ!"

"ለእኔ ብለህ! ይልቅ ሄደህ አንሳው።"

ሄደ። የገባ አቤቱታ በቤተ ዘመድ ጥያቄ አይወጣም ብለው መለሱት።

ፋርማሲስቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቃት ስትመጣ እግሯ ላይ ወደቀች። እቴቴ ገና እያለቀሰች ሳለ ነው ይቅር ያለቻት። ፖሊስ ጣቢያም ሄዳ፣ ጎረቤቶቿ ባሉበት "ታርቀናል" ብላ ፈረመች፤ መዝገቡ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ፋርማሲስቷ በየቀኑ ከትምህርት መልስ ትመጣለች። ቁስሏን ታጥባለች፣ ፋሻ ትቀይራለች፣ ታበስላለች፣ በማንኪያ ታጎርሳታለች። ክሱን ስለያዘው የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ አንድም ቀን አላነሱም። አንዷ የሌላዋን ሆድ ላለማስባስ ዝም አሉ። የጎዳቸውም ይኸው ዝምታ ነው።

እቴቴ ለምስክርነት ስትጠራ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ መከራት። "ተጎጂዋ አንቺ ነሽ። ልጅቷ ማንቆርቆሪያውን አልነካችም ካልሽ ማን ከቃልሽ ያልፋል? ነገሩ በአንቺ አንደበት ላይ ነው" አላት። እሷም አመነችው። ለልጅቷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የተሰበሰበበት ክፍል ረጅም ጠረጴዛ ነበረው። እቴቴ ከጫፉ ተቀመጠች። የታሰረ እጇን የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት መጨረሻ ላይ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

"ጌታዬ፣" አለች ለሰብሳቢው፣ "ቤቴ ከአጥራችሁ ውጭ ነው። እዚያ ለሆነው ነገር እናንተን ምን አገባችሁ?"

ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበር፤ አልተቆጣም። "እመቤቴ፣ ተማሪ ከበር ሲወጣ ተማሪነቱን ለዘበኛ አስረክቦ አይወጣም። ውጭም ቢሆን ሰው ከጎዳ በደንባችን ይጠየቃል። ነገ በሽተኛ ፊት የምናቆማት ልጅ ናት እኮ።"

"ይቅር ብያታለሁ! ፖሊስም ዘግቶታል።"

"ይቅርታው የእርስዎ ነው፤ ተጠያቂነቱ ደግሞ የእኛ ጉዳይ ነው። አሁን የሆነውን ይንገሩን።"

"ማንቆርቆሪያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አዳለጠኝና በገዛ እጄ ላይ ደፋሁት። ልጅቷ አልነካችውም።"

ከኮሚቴው አባላት አንዷ የሆነችው የሕግ ባለሙያ ከፊቷ ያለውን ወረቀት ገለጠች። "ተማሪዋ ራሷ 'በንዴት አንስቼ ወርውሬያለሁ' ብላ ጽፋለች። ያዩት ሁሉ መስክረዋል። ማን ነው እንደዚህ ይበሉ ያለዎት?"

እቴቴ ደነገጠች። ልጅቷ እንዳመነች አታውቅም ነበር። "ማንም አላለኝም።"

"ከአደጋው በኋላ ተገናኝታችኋል?"

እዚህ ላይ ፊቷ በራ፤ የሚረዳት ነገር ያገኘች መሰላት። "በየቀኑ እንጂ! ቁስሌን የምታጥበው፣ የምታጎርሰኝ እሷ ናት። እሷ ባትኖር ማን ነበረኝ?"

ኮሚቴዎቹ ተያዩ። የሕግ ባለሙያዋ ብዕሯን አንስታ ብዙ ጻፈች።

ውሳኔው ሙሉ በሙሉ መባረር ሆነ። አንዱ ምክንያት በሰው ላይ ጉዳት ማድረስ ነው፤ ሁለተኛው ምስክር በሐሰት እንዲመሰክር ማግባባት።

ፋርማሲስቷ ያን ቀን ወደ ፀጉር ቤቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልተቀመጠችም።

"ለምን ዋሸሽ?"

"ላድንሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

"እኔ እኮ እውነቱን ጽፌ ነበር። ካመንሽ ቅጣቱ አንድ ዓመት ነው፣ ከዚያ ትመለሻለሽ ብለውኝ ነበር። አንድ ዓመት ምን አላት!"

እቴቴ በነጋታው ይግባኝ ሰሚው ቢሮ ሄዳ ቀኑን ሙሉ ደጅ ጠናች። ሲያስገቧት፣ "ያን ዕለት የተናገርኩት ውሸት ነው። እሷ አላዘዘችኝም፤ ከራሴ ነው ያመጣሁት" አለች።

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። "ያን ጊዜ ዋሽተው ከነበረ ዛሬ እውነት መናገርዎን በምን እናውቃለን?"

ልጅቷ ያስገባችው ይግባኝም ውድቅ ሆነ።

ሊወስዳት የመጣው አባቷ ነው፤ ጣቶቹ በማስቲሽና በክር የጠቆሩ ትንሽዬ ሰው። ፍራሿን ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ፣ ለመሰናበት ወደ ፀጉር ቤቱ ጎራ አለ። እቴቴ ይሰድበኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን እጇን አይቶ፣ "ቁስሉ እንዴት አደረገዎት?" ብሎ ብቻ ጠየቃት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ልጅቷ መንገድ ማዶ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

በምረቃው ሰሞን ሥራ በዛ፤ እቴቴ ግን አልሠራችም። ቁስሉ ሲሽር ቆዳው ተጨማዶ ሁለቱን ጣቶቿን ወደ ውስጥ ጎትቷቸዋል። ሹሩባ ጀምራ ትፈታለች፤ ደግማ ትጀምራለች፣ ደግማ ትፈታለች። ያቺ የተሳደበችው ልጅ ጋዋኗን ለብሳ ከቤተሰቦቿ ጋር በበሩ ስታልፍ አየቻት። ስለ ስድቡ ግን ኮሚቴው ውስጥ አንድም ሰው አልጠየቀም ነበር።

ከወንድሟ ጋር ሰላምታ እንጂ ጨዋታ የላቸውም። እሱ የሠራሁት ለእሷ ብዬ ነው ይላል፤ እሷም የሠራሁት ለልጅቷ ብዬ ነው ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

በዓመቱ እቴቴ አውቶቡስ ተሳፍራ ልጅቷ ዘንድ ሄደች። አንድ ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ባትሪ ስትሸጥ አገኘቻት። ልጅቷ ወንበር ሰጠቻት፤ ለስላሳም ከፈተችላት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

"ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሞክሪ እንጂ" አለቻት እቴቴ።

"ሞክሬያለሁ። የተባረርኩበትን ወረቀት ሲያዩ አይቀበሉኝም።" ደጁን አየችና፣ "እንዳይመሽብዎት" አለቻት፤ እንደማታውቀው ሰው።

እቴቴ ለስላሳውን ሳትጨርስ ተነሣች። ይቅርታ ልትጠይቃት ነበር የመጣችው፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ደንበኛ ገብቶ ባትሪ ጠየቀ፣ ልጅቷም ወደ መደርደሪያው ዞረች።

እቴቴ ፀጉር ቤቱን ለሌላ ሰው አስረክባለች። አሁን የምትሠራው ከተማው መሃል ባለ ትልቅ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው፤ በግራ እጇ የደንበኞችን ራስ ታጥባለች። እዚያ ተማሪ አይመጣም።