ያልመሸለት አበባ

ከኮምቦልቻ የያዙኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ከአትክልት ቦታዬ፣ በሸሚዝ ብቻ ነበር። ደሴ እስር ቤት ወስደው አንዲት ጠባብ ክፍል ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ፍርድ ሳይሆን ስለ ብርዱ ነው። ብቻዬን ነበርኩ። ሁለት ወር ሙሉ ከ«ውጣ» እና ከ«ግባ» ሌላ የሰው ቃል አልሰማሁም።

አትክልተኛነቴን የእስር ቤቱ አዛዥ ሲሰማ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ግቢውን እንድንከባከብ አዘዘ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የሚጠብቀኝ ጎልማሳ ዘብ «ጋሼ፣ ይኸን ለምን ይቆርጡታል?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። የምነቃው ለዚያች አንድ ሰዓት ስል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አዛዡ አስጠራኝ፤ ዘቡ ቢሮው አድርሶኝ በሩ ላይ ቆመ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለው የገና አበባ አናቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ቢሮው በር ላይ ያለው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀርቷል። እንግዶች ሊመጡ ነው።

«አሻጥር ነው!» አለኝ።

«ጓድ አዛዥ፣ ይህ አበባ ቀኑ አጥሮ ሌሊቱ ሲረዝም ነው የሚቀላው። በሩ ላይ ያለው አምፖል እስኪነጋ ስለሚበራ አልመሸለትም።»

ሳቀ። «ጨለማ ፈለግህ! ልታመልጥ ነዋ!»

ወረቀት ገፋልኝ። አበባውን ሆን ብዬ እንዳበላሸሁ ከፈረምኩ አትክልቱ ላይ እቆያለሁ፤ እምቢ ካልኩ ወደ ክፍሌ። ወይ ፈተና! ያቺ አንድ ሰዓት አሳሳችኝ፤ ብዕሩንም አንሥቼ ነበር። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሆን ብዬ የበደልኩት ተክል የለም። «ያላደረግሁትን አልፈርምም» ብዬ ብዕሩን መለስኩለት።

ብቸኝነቱ ከፊተኛው ባሰ። ሰው ማናገር ከቀመሱ በኋላ ዝምታው አይቻልም። አፌ ንግግር እንዳይረሳ ከግድግዳው ጋር ማውራት ጀመርኩ፤ አብጄ ይሆን እያልኩም ፈራሁ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ያ ዘብ ምግብ ይዞልኝ መጣ። ሳህኑን እያቀበለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ አብሽሩ። የበሩን አበባ ፀሐይ ስትጠልቅ ጆንያ ሳለብሰው ከረምኩ። ሲጠይቁኝ ‹ውርጭ እንዳይመታው ነው› እላለሁ። ወላሂ፣ ቀላ!»

«ቢያውቁብህስ? ለምን ብለህ?»

«እርስዎ አይዋሹማ» አለና በሩን ዘጋ።

ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ አለቀስኩ። ለካ ያመነኝ ሰው ነበር።

ከተፈታሁ ስንት ዘመኔ! ዛሬም ኮምቦልቻ አትክልት እኮተኩታለሁ። ስለዚያ ጊዜ ለጠየቀኝ የአዛዡን መልክ፣ ሳቁን፣ ጫማውን ሳይቀር እናገራለሁ። የዚያን ዘብ ስም ግን አላውቀውም። ያን ሁሉ ጠዋት አብረን ስንቆም፣ ሰው ርቦኝ ሳለ፣ ማን ትባላለህ አላልኩትም።