መኳንንት ሲያዋህድ

ፊርደውስ የሐርቡ ልጅ ናት። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለች አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ለሙከራ ስትቀጠር፣ አለቃዋ መኳንንት "ደንበኛችን የኮምቦልቻው ክሊኒክ ሥራሽን ከወደደልሽ ቋሚ ትሆኛለሽ" አላት። የተሰጣት ሥራ፣ ለክሊኒኩ ከሚሠራው የመድኃኒት መሸጫ ፕሮግራም ውስጥ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሊሸጥ ሲል የሚያስጠነቅቀው ክፍል ነበር።

መኳንንት ማለት እንግዲህ ጉራው ከቢሮው የሚሰፋ ሰውዬ ነው። ፕሮግራመሮቹ ሁሉ ሥራቸውን ወደ ጋራ ማከማቻ ይልካሉ፤ ማከማቻውን ግን ከእሱ በቀር ማንም አይነካም፤ የሁሉንም ሥራ ወደ አንድ የሚያዋህደው እሱ ብቻ ነው። ሁለት ሰው አንዱን ቦታ በየፊናው ሲቀይረው ማሽኑ ቆሞ "የትኛውን ልያዝ?" ብሎ ይጠይቃል። ደህና ሰው ሁለቱንም ያነባል። ለእሱ ግን የሰው ሥራ ማንበብ ውርደት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሥራው ላይ ያተመውን ቀን ብቻ አይቶ አሮጌውን ይጥላል።

ኮምቦልቻ ወርደው በክሊኒኩ ባለቤት በወይዘሮ አሚና ፊት ፕሮግራሙን ሲሞክሩት፣ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ተሸጠ። ፊርደውስ ክው አለች።

"የኔ ሥራ የት ገባ?"

"አሮጌ ነበራ" አለ መኳንንት፣ እግሩን አነባብሮ። "ያንቺ የ2009 ነው፣ እዚያው ቦታ ላይ የነካካሁት የኔ የ2017።"

ወይዘሮ አሚና ግራ ገባቸው። "ዛሬስ ስንት ነው ልጄ? 2009 አይደለም እንዴ?"

ለካስ ላፕቶፑን ሲሰጣት "በአገራችን ዘመን ነው የምንሠራ" ብሎ ቀኑን በሐበሻ አቆጣጠር የሞላው ራሱ ነው። የራሱን ግን በፈረንጁ ትቶታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የልጅቷን ልፋት ስምንት ዓመት አስረጅቶ ወረወረው።

ደግነቱ ላፕቶፗ ላይ የራሷ ቅጂ ነበራት። ከፍታ አሳየቻቸው፤ ሽሮፑ ሊሸጥ ሲል ማስጠንቀቂያው ብቅ አለ።

"ማሻ አላህ፣ እኔስ የፈለግሁት ይሄን ነው" አሉ ሴትየዋ።

ወደ ደሴ ሲመለሱ፣ ሚኒባስ ውስጥ መኳንንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቋሚ ሆነሻል። ይሄ ነገር ግን በሁለታችን መሀል ይቅር" አላት።

ፊርደውስ ከላይ እስከ ታች አየችው። እንዲህ የናቀችው ሰው አልነበረም፤ ንቀቷንም አልደበቀችም።

"ማዋሃዱን ለኔ ካልሰጡኝ ወላሂ አልፈርምም። ለቢሮው ሰው ሁሉ እናገራለሁ።"

ምን ያርግ፣ ሰጣት።

ሰኞ ዕለት መጀመሪያ የደረሳት የእሱው ሥራ ነበር። እሱን አጠገቧ አስቀምጣ ሥራውን መስመር በመስመር አነበበችው፤ ግማሹንም ዓይኑ እያየ ጣለችው።