ጉዳዩ፦ ምስጋናን ይመለከታል

ጋሽ ማኅተም ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሲሠራ አንድም ቀን ከአፉ «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ምላሱ አልለመደውም። ሻይ ሲቀዱለት «ደርሶኛል» ይላል። መልካም ሲመኙለት «ተመልክቼዋለሁ» ይላል። ልጁን የዳረ ቀን በአማቾቹ ፊት ንግግር አድርግ ቢሉት ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈና «በዚሁ መሠረት እንዲፈጸም» ብሎ ተቀመጠ። አማቾቹ ይህን እያነሡ እስከ ዛሬ ይስቁበታል። ስሙም ከመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም ጋር ተጣብቆ ከመኖሩ የወጣለት ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት ሚስቱና የጡረታ ደብተሩ ብቻ ናቸው።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሚስቱ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ሦስት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ዋለች። ያን ጊዜ የደረሱላት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሐኪም ቤት ያከነፋት ባለታክሲ፣ ጀሶዋን እየመጣች ያየችላት ነርስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ግድግዳ የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ። ልብስ ሰፊዋ ጠዋትና ማታ እየመጣች አጥባታለች፣ ጸጉሯን አበጥራላታለች፣ የደንበኞቿን አመል እያስመሰለች ጎኗ እስኪያማት አስቃታለች። ሚስቱ ከሕመሙ ያዳነኝ ይኼ ሳቅ ነው ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ዓመት በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሚስቱ ምርኩዟን ተደግፋ ፊቱ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ እነዚህን ሰዎች ማመስገን አለብህ።»

«እኔ?»

«አንተ። እኔማ በየቀኑ አመስግኛቸዋለሁ። የቀረኸው አንተ ነህ።»

«በአፌ?»

«በምንህ ታዲያ? በጆሮህ?»

ጋሽ ማኅተም በአፍ የሚነገር ነገር አያምንም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት የተተረተው ለእሱ ነው የሚመስለው። ስለዚህ የበዓል ካርድ ሊገዛ ወጣ። ሱቁ ውስጥ አንዱን አነሣ፣ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ቀን የለው፣ ቁጥር የለው፣ ማን ለማን እንደጻፈው አይታወቅ! እንዲህ ያለውን ወረቀት እሱ በሥራ ዘመኑ ከበር ነበር የሚመልሰው። ባዶ እጁን እንዳይወጣ ጠንካራ ወረቀት፣ ባለቀለም ወረቀት፣ ኮላና አራት ትልልቅ ላጲስ ገዝቶ ተመለሰ።

የምግብ ጠረጴዛው በዚያው ቀን ቢሮ ሆነ። ሰውዬው ግን እጅ አለው፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። ፊደል ማኅተም ላይ ተገልብጦ እንደሚቀረጽ ያውቃል፣ የተገለበጠ ጽሑፍም ሌላው ጋዜጣ እንደሚያነብ አድርጎ ያነባል። ከላጲስ ቅጠልና አበባ ቀረጸ። ላጲሱ ሲያልቅ ወደ ድንች ዞረ፤ ሚስቱ በማግስቱ ሾርባዋ ውስጥ ኮከብ አግኝታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ወረቀት እያጠፈና እየቆረጠ ካርዱ ሲከፈት ክንፏን ዘርግታ የምትነሣ ወፍ ሠራ። ወፏ የተነሣችለት ጊዜ ራሱም ደንግጦ ካርዱን ዘጋው፤ ቀስ ብሎ ደግሞ ከፈተው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ምንኛ ደግ ነበር። ግን «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ»። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ክብ ማኅተም ቀረጸ፣ ዙሪያውን «የምስጋና ክፍል» ብሎ ጻፈበት፣ ቡናማ ፖስታ አወጣና ሦስቱንም ካርዶች እያሸገ መታበት። ከወፏ ሥር የጻፈው ደግሞ ይህ ነበር፦

«ቁጥር ምስ/001። ጉዳዩ፦ ምስጋናን ይመለከታል። በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ባለቤቴ ከደረጃ በወደቀች ጊዜ ላደረጉት ትብብር ምስጋናዬን እየገለጽኩ፣ ለሚቀጥለውም ጊዜ ትብብርዎ እንዳይለየኝ በማክበር እጠይቃለሁ። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለባለቤቴ፤ ለፋይል።»

ሚስቱ ግልባጩን ተቀብላ አነበበች።

«ለሚቀጥለው ጊዜ? እንደገና እንድወድቅ ቀጠሮ ይዘህልኛል?»

«የአጻጻፍ ደንብ ነው።»

«እኔስ? እኔ ግልባጭ ነኝ?»

«ከፋይል በላይ ነው የተጻፍሽው» አለ፤ በእሱ ቤት ማጽናናቱ ነበር።

ፖስታዎቹ በየቤቱ ደረሱ። ባለታክሲው ፖስታውን ሳይከፍት መንጃ ፈቃዱን ይዞ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ቀይ መብራት የጣስኩት እኮ እትዬ እያቃሰቱብኝ ነው!» ብሎ በር ላይ ማለ። ነርሷ ካርዱን ለአለቃዋ ብታሳየው አለቃዋ አነበበው፣ ተደሰተ፣ ከግል ማኅደሯ ጋር አያያዘው፤ ወፏም ማኅደር ውስጥ ቀረች። እነዚህስ አስቀው አለፉ።

ልብስ ሰፊዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረች።

ምክንያቷን የማያውቅ የለም። ከሰባት ዓመት በፊት ጋሽ ማኅተም የስፌት መኪናዋ ይጮሃል ብሎ ክስ ጽፎባት ነበር፤ በዚሁ ቡናማ ፖስታ፣ ክብ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከአምስት ግልባጭ ጋር። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ፖስታውን ስታይ፣ ሦስት ወር ሚስቱን ያጠብኩለት ሳያንሰው ዛሬም ከሰሰኝ አለች። ሳትከፍተው ወረወረችው። በማግስቱ አልመጣችም፤ በሳምንቱም አልመጣችም። ሚስቱ ያንን ያልጠና እግሯን እየጎተተች መስኮት መስኮቱን ታያለች። በግድግዳው ማዶ የመኪናው ድምፅ ይሰማል፣ ሳቁ ግን የለም።

«እሷ ካልመጣች በዓል የሚባል ነገር የለኝም» አለች። ድምጿ ሲሰበር ሰማው። ይህን ድምፅ እግሯ የተሰበረ ቀን እንኳ አልሰማውም ነበር።

ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሽ ማኅተም ኮቱን ቆልፎ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄደ። እሱ ሲገባ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች፤ መኪናው ጸጥ አለ።

«አስቆምኩት ጋሼ። የአሁኑንስ ለማን ለማን ግልባጭ አደረጉት?»

የወረወረችው ፖስታ የካውያ ማስቀመጫ ሆኗል። ማኅተሙ ግማሹ ተቃጥሏል።

«ክፈችው» አለ።

«አልከፍትም። የሚሉትን በአፍዎ ይበሉኝ።»

ጋሽ ማኅተም አፉን ከፈተ። ዘጋው። የኮቱን ቁልፍ ፈቶ መልሶ ቆለፈ። በመጨረሻ የወጣው «ክፈችው፣ በማክበር እጠይቃለሁ» የሚል ነበር። አንጀቷን በላው መሰለኝ፣ መቀሷን አንሥታ ፖስታውን ቀደደችው። ወፏ ክንፏ ትንሽ ተጨማዶ ተነሣች። ልብስ ሰፊዋ አየቻት፣ አነበበች፣ «ለሚቀጥለውም ጊዜ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት የተቆረጠ ጨርቅ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗን በሜትሯ ጫፍ ጠራረገች። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ለእትዬ ግልባጭ? ዋናውስ የታል?»

«ግልባጩ ደርሷታል እኮ።»

«ጋሼ፣ እትዬ እዚያ አልጋ ላይ ተኝተው የሚጨነቁት ለማን እንደነበር ያውቃሉ? ‘ሸሚዙን ማን ይተኩስለታል፣ መድኃኒቱን ረስቶ ይሆን’ ሲሉ ነው የከረሙት። የራሳቸውን እግር ያነሡበት ቀን የለም። ይኸው እኔ ተመስግኛለሁ፣ ወፌንም ወድጃታለሁ። ግን ለእሳቸው ዋናው ሳይደርስ ደጃችሁን አልረግጥም።»

«ለበዓሉ?»

«ለበዓሉም።»

ጋሽ ማኅተም ቤቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። «ቁጥር» ብሎ ጻፈ፣ ሰረዘ። «ጉዳዩ» ብሎ ጻፈና እዚያው ላይ ቀረ። አርባ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ጉዳይዋ ምን ተብሎ በአንድ መስመር ይጻፋል? ሦስት ወረቀት አበላሸ። ሚስቱ ልትጠጋ ስትል ክንዱን በወረቀቱ ላይ ይጋርዳል፤ እሷ ሌላ ክስ የሚጽፍ መስሏት «በስማም» እያለች ትመለሳለች። በማግሥቱም ውሎው እንደዚሁ ሆነ። ወደ ማታ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ብዕሩን አንሥቶ ሳያቋርጥ ጻፈ። ሲጨርስ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ክቡ ማኅተም ሄደ። አነሣው፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ አሳረፈ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ካርዱን ያለ ፖስታ ሰጣትና አለቃው ፊት እንደቀረበ ጀማሪ ጸሐፊ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፦

«ወጣት ሳለን የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ከኪሴ ጠፍቶ ከሥራ ልባረር ነበር። አንቺ የሰፈሩን ቆሻሻ በእጅሽ በትነሽ አገኘሽልኝ። አጥበሽ ስትሰጪኝ ‘ደርሶኛል’ ነበር ያልኩሽ። አመሰግናለሁ ማለቴ ነበር። ከዚያም ወዲህ ‘ደርሶኛል’ ባልኩሽ ቁጥር እንደዚያው ነው።»

ከሥሩ አምስት የአውራ ጣት አሻራ ክብ ሠርቶ አበባ ሆኗል። ሚስቱ ካርዱን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች።

«ቁጥር የለውም» አለች በመጨረሻ።

«የለውም።»

«ማኅተምም የለውም። ማኅተም የሌለው ወረቀት ዋጋ የለውም ስትል አልነበር?»

ጋሽ ማኅተም ሐምራዊ የሆነውን አውራ ጣቱን አሳያት። ሚስቱ ጣቱን ይዛ ሳቀች፣ እየሳቀችም አለቀሰች፤ ከዚያ ምርኩዟን አንሥታ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መታችው። የማዶው መኪና ቀጥ አለ። ወዲያው ልብስ ሰፊዋ ክር የተንጠለጠለበት ቀሚሷን እንደለበሰች በሩን ከፍታ ገባች።

«ደረሰዎት እትዬ?»

«ደረሰኝ» አለች ሚስቱ፣ ካርዱን ደረቷ ላይ እየለጠፈች።

«እስቲ ግልባጩን ለእኔ!»

«ግልባጭ የለውም» አለች ሚስቱ።