መሳቢያዬ ውስጥ የተኛው ወረቀት

ባለፈው ቅዳሜ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አራት ሳጥኖች ሣለና በቀስት አገናኛቸው። ጠያቂ ክፍል፣ ንብረት ክፍል፣ ግዥ ክፍል፣ አቅራቢ። «የምታውቁትን አንድ ግዥ ከጥያቄው እስከ ዕቃው መግቢያ ድረስ ሣሉ፤ ወረቀቱ የት እንደቆመም ጻፉ» አለን።

ቡራዩ ውስጥ ባለ ኮሌጅ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የግዥና አቅርቦት አመራር እማራለሁ፤ ገና አንደኛ ዓመት ነኝ። በዕድሜ የክፍሉ ትልቅ ስለሆንኩ ልጆቹ «ማዘር» ይሉኛል። አጠገቤ የሚቀመጠው ናትናኤል «ማዘር፣ አንቺስ ሠርተሽበታል፤ እኛ ከየት እናምጣ?» አለኝ። ልክ ነው፤ ሠርቼበታለሁ። ግን እርሳሴን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ከሆሳዕና መጥቼ ዓለም ገና እህቴ ቤት አረፍኩ። ብዙም ሳልቆይ ሰበታ አንድ ብስኩት ፋብሪካ በግዥ ክፍል ጸሐፊነት ቀጠረኝ። ጠዋት ከሚኒባስ ስወርድ ከጭቃው ሽታ ቀድሞ የሚቀበለኝ የቫኒላ ሽታ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይለኝ ነበር። ከወር በኋላ ግን ብስኩት ማየት አስጠላኝ።

ሥራዬ ቀላል ነው። የግዥ መጠየቂያ ሲመጣ መዝገብ ላይ አሰፍርና ለክፍሉ ኃላፊ ለጋሽ አበራ አቀርባለሁ። እሳቸው ፈርመው ማህተም ሲመቱበት ገዢው ይዞት መርካቶ ይወርዳል። ጋሽ አበራ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ማህተሙ የሚቆለፍበት የብረት ካቢኔት ደግሞ ከወዲያኛው ጥግ ነው። ለአንዲት ወረቀት ጠረጴዛውን ተደግፈው ይነሣሉ፣ ያነክሳሉ፣ ይከፍታሉ፣ ይመታሉ፣ ቆልፈው ይመለሳሉ። ሲቀመጡ የሚያሰሙት ድምፅ አንጀቴን ይበላው ነበር። እኛ ቤት ለሽማግሌ ይነሡለታል እንጂ ሽማግሌ አያስነሡም። ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ወረቀቶቹን አምስት እስኪሞሉ መሳቢያዬ ውስጥ አቆያለሁ። አምስቱን አንድ ላይ ሳቀርብ አንዴ ብቻ ይነሣሉ። እንደ ጽድቅ እቆጥረው ነበር።

ሥራ በሚበዛበት ወር አምስት ወረቀት በአንድ ቀን ይሞላል። በክረምት ግን ይዘገያል።

በዚያ ነሐሴ የማሸጊያው ማሽን መሽከርከሪያ ኩሽኔታው ተበልቶ ቆመ። ምትክ አልነበረም። ብስኩቱ እየተጋገረ ቢወጣም የሚያሽገው ስለጠፋ እርጥበት እየጠጣ ለሰለሰ፤ ለከብት መኖነት ጭነው ወደ ሱሉልታ ላኩት። ጥፋቱ የተጣለው በመካኒኩ በኦቦ ገመቹ ላይ ነው። «አስቀድሞ አይጠይቅም» ተባለ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረባቸው፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። ዓርብ ጠዋት ሊወሰን ተቀጠረ።

ሥራ አስኪያጇ ኢንጂነር ሰናይት ካይዘን ከሚባለው የአሠራር ማሻሻያ ሥልጠና የተመለሱበት ሰሞን ነበርና ረቡዕ ዕለት አስጠሩኝ። «አስቴር፣ ማንንም አትጠይቂ፤ የኩሽኔታውን መጠየቂያ ወረቀት ብቻ ተከተዪ። የት ስንት ቀን እንደተኛ ጽፈሽ ዓርብ ታነቢልናለሽ» አሉኝ። ደስ ላሰኛቸው ብዬ ወዲያው ጀመርኩ። ከወርክሾፕ ወደ ንብረት ክፍል አንድ ቀን። ከንብረት ክፍል ወደ እኛ ያው በዕለቱ። ከዚያ የራሴን መዝገብ ገለጥኩ። ወረቀቱ እጄ ከገባበት ጋሽ አበራ እስከፈረሙበት ስድስት ቀን። ማሽኑ የቆመው በአምስተኛው ቀን ነው።

ጽሑፌ ላይ «ግዥ ክፍል፦ ስድስት ቀን» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ኦቦ ገመቹ ጅማ መንገድ ዳር ታክሲ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። የተጠበሰ በቆሎ ይዘው ነበር፤ ለሁለት ሰበሩና ግማሹን ሰጡኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

«መቼ ነበር የጠየቁት ኦቦ?» አልኩ እያወቅሁ።

«ሲጮህ ሰምቼ ነው፣ ገና ሳይቆም። ማሽን እንደ ላም ነው፤ ከመተኛቱ በፊት ያቃስታል። ወረቀቱን ግን ሰጠሁ፤ በእጄ ምን አለ? አሁን ገመቹ ጠይቄያለሁ ቢል ማን ያምናል?»

በቆሎው እንደ እንጨት ሆነብኝ። እሳቸው ቢተርፉ እንኳ «ግዥ ክፍል» የሚለው ቃል የሚያርፈው በጋሽ አበራ ላይ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዓርብ ቀድሜ ገባሁና ያንን መስመር ሰርዤ ሌላ ጻፍኩበት። ስብሰባው ላይ እዚያ መስመር ስደርስ «አስቴር መሳቢያ ውስጥ» ሳይሆን «በአስቴር መሳቢያ ውስጥ፣ ስድስት ቀን» ብዬ አነበብኩ።

ጋሽ አበራ መነጽራቸውን አወለቁ። «መሳቢያሽ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«አምስት እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነበር።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። ጉልበትዎን ያምዎታል ብዬ ነው፤ ለአንድ ወረቀት እንዳይነሡ።»

ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለካ እኔ ልባረር የነበረው በአበራ ጉልበት ነው» አሉ። የማሸጊያ ክፍል ሰዎች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጋሽ አበራ አልሳቁም። «እኔ ይህን ያህል ያረጀሁ መስሎሻል?» አሉኝ ቀስ ብለው። ከወቀሳ ሁሉ ያ ባሰብኝ።

የኦቦ ገመቹ ጉዳይ እዚያው ተዘጋ። አዲስ ደንብ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ኢንጂነር ሰናይት ተነሥተው ቢሯችን መጡና ካቢኔቱን አዩት። «ይህ ለምን እዚያ ተቀመጠ?» ጋሽ አበራ አሰቡ፤ «ስመጣም እዚያው ነበር» አሉ። ሁለት ሰዎች ገፍተው ወንበራቸው አጠገብ አስጠጉት። ወለሉ ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ መጠየቂያ በመጣ በሰዓቱ ይፈረምበት ነበር።

በዚያው ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ጋሽ አበራ ራሳቸው ፈረሙበት፤ ከዚያ እጃቸውን ብቻ ዘርግተው ካቢኔቱን ከፈቱ። ማህተሙን ሲመቱ ከወንበራቸው አልተነሡም። ወረቀቱን ሲሰጡኝ «አየሽ፣ አላመመኝም» አሉ።

መምህራችን «ሂደቱን እንጂ ሰውን አትውቀሱ» ይለናል። አምንበታለሁ፤ እኔንም ያተረፈኝ ይኸው ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሂደቱ በራሱ አፍ የለውም። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው የተኛው የሚል ሰው ካልተገኘ ካቢኔቱ ዛሬም እዚያው ጥግ ይቆም ነበር። በደግነት የተቆለፈ መሳቢያ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለማግኘት ያስቸግራል፤ የቆለፈው ሰው ራሱ ጥፋት መሆኑን አያውቅምና።

በዚያው ቅዳሜ በመጨረሻ አራቱን ሳጥኖች ሣልኩ። ከንብረት ክፍልና ከግዥ ክፍል መካከል፣ ቀስቱ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ጨመርኩ።

ናትናኤል አንገቱን አስግጎ አየ። «ማዘር፣ ይቺ ሰሌዳው ላይ የለችም። ምንድን ናት?»

«የኔ ናት» አልኩትና ስሜን ጻፍኩባት።