ቀለበቱ ላይ የተቀረጸችው ሰናይት

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ አንዲት ሙሽሪት የእጮኛዋን ቀለበት ወደ መብራቱ አስጠግታ ውስጡን እያነበበች ነበር። ሠርጋቸው እሁድ ነው።

«ሰናይት ማናት?» አለችው።

ልጁን ላብ አጠመቀው። የሷ ስም ማርታ ነው። ደግነቱ የራሷን ቀለበት ገልበጥ ስታደርገው «ብሩክ» ይላል፤ እሱ ደግሞ ዮናስ ነው።

እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው። የወርቅ ቤቱን ትእዛዝ መቀበያ ዌብሳይት የሠራሁት እኔ ነኝ። ሻጯ የሙሽሮቹን ስምና የጣት ልክ ሞልታ «ላክ» ስትል፣ ጓዳ የተቀመጠው ስም ቀራጭ ጋ ወረቀቱ ታትሞ ይወጣል።

ሻጯ እትዬ የሺ ናቸው። እዚያ ባንኮኒ ጀርባ ሃያ ዓመት ቆመዋል። ስደርስ ግን የቤቱ ባለቤት ጋሽ ከማል በሙሽሮቹ ፊት «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ» እያሉ ይጮሁባቸዋል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እኔ ላክ ስል ያየሁት ማርታ የሚል ነው» ይላሉ እትዬ የሺ። «ዓይኔ ገና አልጠፋም።»

ማን ይስማቸው።

ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው። «ሴትየዋ ተሳስታ ጽፋ ነው በያቸውና ውጪ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን ሰው ከሃያ ዓመት ሥራው ሲባረር እያየሁ ሳላጣራ እንዲህ ብዬ መውጣት አስጠላኝ።

«እትዬ የሺ፣ የእነማርታን ትእዛዝ እንዴት እንደሞሉት ይንገሩኝ እስቲ» አልኳቸው።

«ስማቸውን ጻፍኩ። ዞር ዞር ብለን እንመጣለን ብለው ወጡ። ገጻቸውን እንደተከፈተ ትቼ ለሚቀጥሉት አዲስ ገጽ ከፈትኩ። እነሱም ስማቸውን አስጽፈው ሊዞሩ ሄዱ። ከዚያ እነማርታ ቀድመው ተመለሱ፣ ወደ ገጻቸው ሄጄ ላክ አልኩ።»

«ለምን ክፍት ይተውታል?»

«ታዲያ ሊጋባ የመጣን ሰው ስምህ ማን ነበር ብዬ ሁለቴ ልጠይቀው? ነውር ነው።»

ክው አልኩ። ፒያሳ ውስጥ ማን ነው የመጀመሪያው ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት የሚገዛው? እናቴ ለአንድ ጉትቻ ስድስት ሱቅ ነው የምታዞረኝ። እኔ ግን አራዳ ተወልጄ አድጌ፣ ኮዱን የጻፍኩት ሰው ገብቶ፣ አዝዞ፣ በዚያው እንደሚጨርስ አድርጌ ነው።

ለማታውቁት... ሰሽን የሚባለውን ነገር ሰርቨሩ፣ ማለትም ትእዛዙን የሚቀበለው ዋናው ማሽን፣ ለአንድ ተጠቃሚ የሚይዝለት መሳቢያ በሉት። አሥር ገጽ ብትከፍቱም መሳቢያው አንድ ነው። እኔ ደግሞ በመሳቢያው ውስጥ ለሙሽሮች ስም የሰጠሁት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የሰናይትና የብሩክ ስም ሲገባ የማርታና የዮናስ ተደመሰሰ። ኮምፒውተሩ ላይ ማርታ ተብሎ ይታያል፣ ሰርቨሩ ግን የሚልከው ሰናይትን ነው። እትዬ የሺ ያዩት ትክክል ነበር።

ጋሽ ከማልን ጠራኋቸውና «የባለቤትዎን ስም እዚህ ይጻፉ» አልኳቸው። በአንድ ጣት «ዘሃራ» ብለው ጻፉ። እኔ ሌላ ገጽ ከፍቼ «አበባ» ብዬ ጻፍኩ። ወደ እሳቸው ገጽ ተመለስን።

«ምን ይላል?»

«ዘሃራ።»

«ላክ ይበሉት።»

ቀራጩ ከጓዳ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «አበባ» ይላል። ጋሽ ከማል ግራና ቀኝ አዩና «ቅደጂው» አሉኝ። «ዘሃራ ጆሮ ከገባ ማን ያስረዳልኛል?»

አለቃዬ እንደገና ደወለ። አሁን ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። ጥፋቱ የኔ ኮድ ነው አልኳቸው።»

«አብደሻል እንዴ? ሥራው ይሄድብናል እኮ።»

«ይሂድ» ብዬ ዘጋሁት። ደስ ብሎኛል።

ላፕቶፔን እዚያው ባንኮኒ ላይ ዘረጋሁ። ያንን አንድ ቦታ ወደ አሬይ ቀየርኩት... መሳቢያውን ከፋፍዬ ለየትእዛዙ የራሱ ቁጥር ያለው ክፍል ሰጠሁት እንደማለት ነው። ሞከርኩት። አሁንም የመጨረሻው ስም ብቻ። ማርታ ከኋላዬ ቆማ ትተነፍሳለች። ደግሜ ሳነበው ለካ አዲስ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር አሬዩን ከባዶ የሚጀምር መስመር ትቻለሁ። አጠፋሁት። ሦስት ገጽ ከፈትኩ፣ ሦስት ስም ጻፍኩ፣ ሦስቱም እንደተጻፉ ወጡ። ቀራጩም የእነማርታን ቀለበት ለቅዳሜ አደርሳለሁ ብሎ ተቀበለ።

ጋሽ ከማል ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ እትዬ የሺ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ «በቃ ይቅርታ፣ ሥራሽን ቀጥይ» አሏቸው።

እትዬ የሺ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አላወረዱም። «ጋሼ፣ ሲያባርሩኝ መንገደኛው ሰምቷል» አሉ። «ይቅርታውንም ይስማው።»

ጋሽ ከማል እኔን አዩኝ። እኔ ላፕቶፔን አየሁ። በመጨረሻ ሰውዬው በሩ ላይ ወጥተው፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ «የሺ አልተሳሳተችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። ቦርሳው ከትከሻ የወረደው ያኔ ነው።

አለቃዬ እስካሁን አኩርፎኛል... ያኩርፍ፤ የራሴን ስህተት ለመሸፈን የማንንም የእንጀራ ገመድ አልበጥስም።