ባዶ መኪና ለመስቀል አይሄድም

ዲላ ልንኖር ከአያቴ ግቢ የወጣነው ገና ዶሮ ሳይጮህ ነው። እማዬ ታለቅሳለች፣ አባዬ የመኪናዋን ኮፈን ከፍቶ በባትሪ ብርሃን ዘይቷን ያያል፣ አያቴ ደግሞ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ጭንቅላቴን ይዞ ይመርቀኛል። "ለመስቀል ትመጫለሽ" አለኝ። "ሌላ ጊዜ ብትቀሪ አልቆጣሽም፤ ለመስቀል ከቀረሽ ግን!" ጣቱን ቀሰረብኝ። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ስደት ባሕር መሻገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከቡታጅራ ዲላ እኮ የአንድ ቀን መንገድ ነው ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ነው። ግን መጥታችሁ እዩት! እዚህ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ እንደለመደ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። አናናስ እንደ ድንች መንገድ ዳር ተከምሮ ይሸጣል። እንሰትም ሞልቷል። ቆጮውም ይጣፍጣል፣ አልዋሽም፤ ግን አንድ ሁለቴ ጎረስ ሳደርግ የኛ ክትፎ ትዝ ይለኛል። አባዬ የልብስ ሱቁ ውስጥ ደንበኛውን በጌዴኦኛ ሰላም ይልና ቃሉ ሲያልቅበት በአማርኛ ይቀጥላል። ደንበኛውም ይስቃል፣ ሸሚዙንም ይገዛል።

መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ፤ አሮጌ የጀርመን ስፖርት መኪና ናት። አራት በር አላት፣ ግን ለመሮጥ የተሠራች ስለሆነች መሬት ልትነካ ምንም አይቀራት። ስንመጣ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞን ዙሪያዋን ዞራት።

"ጌታው፣ ይቺ ጎማ አላት ወይስ በሆዷ ነው የምትሳበው?"

"ስፖርት ናት" አለ አባዬ ኮራ ብሎ።

"ታዲያ ለምን አትሮጥም?"

"ዕቃ ስለጫነች ነዋ!"

አከራያችን እትዬ አስቴርም አልወደዷትም። "ቤት ያከራየሁት ለሰው ነው፤ ግቢዬን በዘይት የምትቀባ አልተከራየችኝም" ይላሉ በየጠዋቱ።

ባለፈው መስቀል የሆነውን ልንገራችሁ። መንደሩ ሊታየን ሲል፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ያለው ትልቅ ድንጋይ ሆዷን መታት። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ ተቀደደ። በእግር እንሂድ ብዬ ለመንኩ፤ እማዬ ግን ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አልቻለችም። በጭነት መኪና ተጎትተን ቡታጅራ ተመለስን፤ መስቀል ጋራዥ ውስጥ አለፈ። እህቴ ከዚያ በኋላ ተወለደች። አያቴ እስከ ዛሬ አላያትም፣ አልመረቃትም።

እማዬ ዘንድሮ በአውቶቡስ እንሂድ አለች። አባዬ የሰደበችው ያህል አያት። "መኪና ያለው ሰው ለመስቀል ከአውቶቡስ ይወርዳል? ምን ሆነ ሊሉኝ ነው? ሞላዋን አስቀይራለሁ።"

ሞላ ማለት መኪናዋን የሚሸከማት ጥምዝምዝ ብረት ነው። ከሱ ጋር ንዝረቱን የሚውጠው አሞርዛተር አለ። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ መካኒኩ ጋሽ ጅግሶ ነው። ቅዳሜ ግቢያችን መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ለአባዬ ምርጫውን ነገረው። አንዱ አጭርና ጠንካራ ሞላ ነው፤ ኩርባ ላይ መንገዱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ መኪናዋንም ይበልጥ ዝቅ ያደርጋታል። ሌላው ረዘም ወፈር ያለ ነው፤ ከፍ ያደርጋታል፣ ፍጥነት ላይ ግን ትንሽ ያወዛውዛል።

"ይቺ ከፍ አትልም!" አለ አባዬ። "ስፖርትን ከፍ ማድረግ ሙሽራን ቦት ጫማ ማልበስ ነው። አጭሩን!"

ጋሽ ጅግሶ ከሆዷ ሥር እጁን ሰዶ ለካ። "አሁን ስንዝር አለው። አጭሩን ብንገጥም ከስንዝር ሦስት ጣት ይቀንሳል። ቀስ ካልክ ያልፋል፣ ጋሽ ኃይሌ።"

አባዬ እጁን ሊመታለት ዘረጋ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "አባዬ፣ ለመስቀል ባዶውን አገሩ የገባ ጉራጌ አይተህ ታውቃለህ?" አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ለካ የለኩት ባዶ መኪና ነው!

"እንጫናት" አለ ጋሽ ጅግሶ እየሳቀ። ከይርጋጨፌ የመጣውን ሁለት ጆንያ ቡና ኋላ ከተትን፣ የልብሱን ጥቅልል ደረብንበት። እማዬ እህቴን ይዛ ገባች፣ እኔም ገባሁ። አሁንም ቦታ ቀረ።

"እትዬ አስቴር፣ ይግቡልን" አለ አባዬ።

"ዓመት ሙሉ ግቢዬን ስታበላሽ ቻልኳት፤ ዛሬ ደግሞ እሷ ትቻለኝ!" ብለው ሲቀመጡ መኪናዋ እህህ አለች። እኔና እማዬ በሳቅ ሞትን።

ጋሽ ጅግሶ መሬት ላይ ተኝቶ እጁን ሰደደ። አራት ጣት ብቻ!

"አጭሩስ ቢሆን?" አለ አባዬ ድምፁ ለስለስ ብሎ።

"እሱ ጠንካራ ነው፣ በጭነት ብዙ አይወርድም። ግን ከመነሻውም ዝቅ ያለ ነው። ዕድለኛ ከሆንክ ሦስት ጣት። የወንዙ ድንጋይ ቁመቱ ስንት ነው?"

እማዬ ውስጥ ሆና የእህቴን ኮፍያ ታስተካክላለች። አባዬ እሷን አየ፣ ኮፍያውን አየ። "ረጅሙን ግጠም" አለ።

"አሞርዛተሩም አዲስ ይሁን። ሞላው ረዝሞ እሱ አሮጌ ከሆነ እንደ ፈረስ ይዘላል።"

"ሁለቱንም።"

ሥራው ሲያልቅ መኪናዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወንዝ የምትሻገር ሴት መሰለች። አባዬ ሦስት ቀን አኮረፋት። በአራተኛው ቀን ይርጋጨፌ ወስዶን ተመለሰና "ጉድጓዱ የት ሄደ?" እያለ ፉጨት ጀመረ።

ትናንት በሱቁ ስልክ ደወልን። አያቴን አጎቴ ሱቅ ድረስ አምጥተውት ነበር። ስለ ሞላው፣ ስለ አሞርዛተሩ፣ እኔ ስለተናገርኩት ነገር ሳልተነፍስ ነገርኩት።

"አሁን ያ ድንጋይ አይነካንም፣ አባባ!"

"የቱ ድንጋይ?"

"የወንዙ ነዋ!"

"እሱንማ እናንተ በተመለሳችሁ በሦስተኛው ቀን ጎረምሶቹን ይዤ አስነቀልኩት።"

"ለምን አልነገርከንም ታዲያ?"

"ስትደውሉ ስለ መኪናዋ ነው የምታወሩት። መቼ ጠየቃችሁኝ?" ሳቀ፣ ሳለም። "ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ እዚያ ሄጄ መንገዱን እያየሁ ቁጭ እላለሁ።"

ስልኩን ዘጋሁ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ መኪናዋን ለደንበኛ ያሳያል፣ ከፍታዋን በስንዝሩ እየለካ። ምንም አልነገርኩትም። መስቀል ሁለት ወር ይቀረዋል፤ መንገዱ ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነበር።