ለአክስቴ እንቁጣጣሽ የቆየው የመውሊድ መብራት

አክስቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የመጣችው ለሁለት ሳምንት ነበር። እኔን አይታ፣ ክሳቴን ታዝባ፣ ሚስቴን ተቆጥታ ልትመለስ። ከኋላዋ የጎንደር መንገድ ተዘጋ። ሻንጣዋን ግን እስከ ዛሬ አልፈታችውም፤ ልብስ ስትፈልግ ከፍታ ታወጣለች፣ አጥባ አጣጥፋ መልሳ ትቆልፋለች። በየጠዋቱ «መንገዱ ተከፈተ?» ትለኛለች። እኔም እንደ ራዲዮ ዜና አንባቢ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ዛሬም አልተከፈተም» እላለሁ።

በመጣች ዓመት እንቁጣጣሽ ከመውሊድ ሰሞን ጋር ገጠመ። ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው አደባባይ የባለዲያ፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ባለቀለም አምፖል ከምሰሶ ምሰሶ ወጠሩ። በዋዜማው ማታ አክስቴ በር ላይ ቆማ «እኛ ዘንድ ይኼኔ ችቦ ተለኩሷል» አለች። ምሳዋንም አልነካችም ነበር። ሃያ ዓመት እዚህ የረክሻ፣ ማለትም የባጃጅ ጎማ ስጠግን ኖሬ፣ የዚያ ችቦ ጭስ ያን ጊዜ ዓይኔን ቆጠቆጠኝ።

«ይኼ ሁሉ መብራት ለማን ይመስልሻል እቴቴ?» አልኳት። «ለአንቺ ነው። ከተማው ተሰብስቦ ወሰነ። ሐበሻ ዘመን ሲለወጥበት ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም ብለው አርባ ሹም ፈረሙ፤ አንዱማ እያለቀሰ ነው የፈረመው።»

«ይኼ የሚሰማው ከበሮስ?»

«ከበሮውም የእኛ ነው።»

ውሸት ስጀምር ፍሬን የለኝም። ደገኛዋ አክስቴ የሱዳንን መውሊድ ከየት ታውቀው? ከተማውን ከነሹማምንቱ መርቃ፣ ራቷን ጥርግ አድርጋ በላች።

በዓመቱ መውሊድ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሸሸና ከእንቁጣጣሽ ሳምንት ቀድሞ አለቀ። አክስቴ ሠራተኞቹ መሰላል ይዘው ሲመጡ አየች።

«ሳምንት እየቀረው ሊያወርዱት ነው? ቀን ተሳስተዋል፤ ሂድና ንገራቸው።»

«እነሱ ያውቃሉ እቴቴ።»

«አትሄድም? እኔ እሄዳለሁ።» ነጠላዋን አነሳች። ሮጥኩ።

ባለዲያ ቢሮ የበዓል መብራት የሚመለከተው፣ ሁሉ «ኡስታዝ» የሚለው ሹም ጢሙ የሸበተ፣ ትሑት ሰው ነው። በሕይወቴ ለሁለተኛ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ፤ የመጀመሪያው ሚስቴን ለጋብቻ ስጠይቅ ነበር። ሳይስቅ አዳመጠኝ።

«በከተማው ምሰሶ ላይ መብራት ከመውሊዱ ወር መባቻ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ነው» አለኝ። «ለአንተ አክስት ካስቆየሁ፣ ነገ ሠርግ ያለበት ሁሉ ይመጣብኛል። ውሳኔ ነው።»

«ውሳኔ ከሆነ እሺ። ሻንጣዋን እንኳ ያልፈታች ሴትዮ ናት ብዬ ነው።»

«አልፈታችም?»

«ለሁለት ሳምንት ነው የመጣችው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔም ጦርነቱ ሲነሳ ከካርቱም ስወጣ ለሁለት ሳምንት ብዬ ነው» አለ። ወደ መስኮቱ ዞረ። «ውሳኔው አይቀየርም። መሰላሉ ግን ተሰብሯል። እስኪጠገን ሳምንት ይፈጃል።»

መሰላሉ ከጀርባው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ዝሆን ቢወጣበት አይነቃነቅም።

በዋዜማው ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ሲመሽ፣ መብራቱ በራ። አክስቴን በኩራት ወደ በሩ ወሰድኳት። ቆማ አየች። እንዳለፈው ዓመት ትመርቃለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቆረ።

«አምና ያበሩልኝ እንግዳ ሲቀበሉ ነው» አለች። «ዘንድሮ መድገማቸው ግን ነዋሪ አድርገው ቆጥረውኛል ማለት ነው።»

«ኧረ እቴቴ፣ አክብረውሽ ነው።»

«ያክብራቸው። አንተ ግን ሂድና ንገርልኝ። አመስግናለች፣ ለከርሞ ግን አትድከሙ፣ አገሯ ትገባለች በል።»



በአውዳመቱ ማግስት ሄጄ መልእክቷን ለኡስታዙ ቃል በቃል አደረስኩ።

«መንገዱ ተከፈተ እንዴ?» አለኝ።

«አልተከፈተም።»

ከመሳቢያው ባዶ ወረቀት አውጥቶ ስሟን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ በአረብኛ በጥንቃቄ ጻፈው። «አገሯ እንደምትገባ ተመዝግቧል በላት» አለ። ወረቀቱን ሊያጥፈው ብሎ ተወውና፣ ከስሟ ሥር የራሱን ስም ጨመረበት።